ያልተወሰዱ ወንበሮች

"ያልጨረሰ ሰው አይመለከተውም ጌታዬ። ጥሪው ለምሩቃን ብቻ ነው።"

ዲኗ ይህን የሰማችው ገና ከበር ሳትገባ ነው። የምሩቃን ጉዳይ ቢሮ የሚባለው ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ከገባበት ሁለተኛው ሰው ውጭ ቆሞ የሚያወራበት ጠባብ ክፍል ነው። የስልኩ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል። ማስጠገኛ ቢጠየቅ "በሚቀጥለው በጀት ይታያል" ተባለ፤ የሚቀጥለው በጀት ሲመጣ ደግሞ ከቀደመው አንሶ መጣ። ስለዚህ በዚያ ስልክ የሚወራው ሁሉ በድምፅ ማጉያው ነው የሚወራው፤ ኮሪደር ላይ የቆመ ተማሪ የኮሌጁን ገመና ያለ ክፍያ ሲሰማ ይውላል። ጸሐፊዋ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች፣ ግን ስልኩ ላይ አንገቷን ደፍታ ስለምታወራ ከጀርባዋ ማን እንደቆመ አታይም።

"እሱስ ገብቶኛል እህቴ" አለ ከወዲያኛው ጫፍ የወንድ ድምፅ። "ሦስት ዓመት ተምሬ የመጨረሻዋን ፈተና ነው የወደቅኩት። እንዲያው መጥቼ ግቢውን ባየው ብዬ ነው።"

"ስምዎ ከተመረቁት ጋር ከሌለ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ይቅርታ፣ ሌላ መስመር እየጠራ ነው።"

ሌላ መስመር የሚባል ነገር ኮሌጁ ውስጥ የለም። ዲኗ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ድምፁን አውቃዋለች፤ እንዴት አታውቀው፣ እናታቸው ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሁድ እሁድ ቤቷ መጥቶ ምሳ ይበላል፣ የላላ የበር ማጠፊያ አይቶ ያጠብቃል፣ ልጆቿን ያስቃል፣ ይሄዳል። የእጅ ስልክ ቁጥሯ እሱ ዘንድ አለ። እሷን ትቶ እንደ ማንኛውም መንገደኛ በኮሌጁ ቁጥር ደውሎ "ግቢውን ባየው" አለ፤ ግቢው የእህቱ ሆኖ ሳለ። ይሄ ነገር ከነከናት። ለጸሐፊዋ ግን አንድ ቃል አልተናገረቻትም። ልጅቷ ምን አጠፋች? ደንቡን ያወጣችው ራሷ ዲኗ ናት።

ዕለቱ ደግሞ ለሆድ ብሶት የሚመች ዕለት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት የምሩቃን ስብሰባ አለ፤ በስብሰባው ላይ የበጀት ቢሮው ሰው ይገኛል፤ የእንጨት ሥራ ክፍል ይቀጥላል ወይስ ይዘጋል የሚለውም ዛሬ ይለይለታል። ቢሮው የዘንድሮውን በጀት ሲቆርጥ የጣውላ መግዣውን ነበር ሙልጭ አድርጎ የወሰደው። ጣውላ የሌለው የእንጨት ሥራ ክፍል ውሃ የሌለው ጉድጓድ ማለት ነው። ዲኗ ተሟገተች፣ ተመላለሰች፣ በመጨረሻ መልስ መጣ፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ በምሩቃን ድርጅቶች ውስጥ የልምምድ ቦታ ካገኙ ክፍሉ ይኖራል፤ ካላገኙ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋና ልጆቹ ወዳገኙበት ክፍል ይበተናሉ። "ምሩቃን" በሚለው ቃል ላይ ቢሮው አልቀለደም፣ በሪፖርቱ ላይ የምሩቃን ተሳትፎ የሚል ዓምድ አለውና መሞላት አለበት። ጸሐፊዋም ደወለች፣ ደወለች። ምሩቃኑ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ኮሌጁን ይናፍቃሉ፣ ሁሉም የድሮ አስተማሪዎችን ጤና ይጠይቃሉ፣ ሁሉም "እንዲያው ምን ላድርግላችሁ" ይላሉ። የልምምድ ቦታ ሲባሉ ግን አንዱ ባንክ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ጉምሩክ፣ አንዷ ኢንሹራንስ። መጋዝና መላጊያ ካዩ ዘመን አልፏል።

ዲኗ በበጀት ተደናግጣ አታውቅም። ጣሪያው ሲያፈስ የብረታ ብረት ተማሪዎችን አውጥታ ፈተናችሁ ይሄ ነው ብላ አስደፍናዋለች። አዳራሹን ቅዳሜ ቅዳሜ ለስብሰባ ታከራያለች። የግቢው ሣር ሳይቀር ከብት ለሚያረባ ሰው ታጭዶ ይሸጣል። "ያለው ማማሩ" ትላለች በየስብሰባው፣ ሰዎቹም ከመስማት ብዛት አብረዋት ይሉታል። ዛሬም ቢሮዋ ገብታ ጃኬቷን በሩ ላይ ሰቀለች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ እንደ ልማዱ ወደ ግራ አነከሰ። ከአንደኛው እግሩ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ሲሟሽሽ ትቀይረዋለች።

ስለዚህ ወንበር ማንም የማያውቀውን እሷ ታውቃለች። የእንጨት ሥራ ክፍል አንድ ልማድ አለው። የመውጫ ፈተናው ወንበር ነው፤ ምስማር ሳይነካው፣ ብሎን ሳይገባበት፣ በመጋጠሚያ ብቻ የቆመ አንድ ወንበር። ከመቀመጫው ሥር የተማሪው ቁጥር በጋለ ብረት ይተኮሳል። ፈታኙ ያኔም ዛሬም አንድ ሰው ነው፤ ተማሪ ሁሉ ውሃ ልክ እያለ የሚጠራው አስተማሪ። በጡረታ ተሰናብቶም አልሄደም፤ ምትክ መቅጠሪያ ስለሌለ ዲኗ በሰዓት ሒሳብ መልሳ ቀጥራዋለች። ውሃ ልክ እስከ ጠርዙ የሞላ ብርጭቆ መቀመጫው ላይ ያኖርና የወንበሩን ማዕዘኖች አንድ በአንድ በጣቱ ይጫናል። ጠብታ ከፈሰሰ አለቀ። ቃል አያበዛም፤ ላለፈ "ውሰድ" ይላል፣ ለወደቀ "ተወው" ይላል። ያለፈ ወንበሩን ተሸክሞ በዋናው በር ይወጣል፤ የወደቀ ወንበሩን ትቶ ባዶ እጁን ይወጣል። የተተዉት መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ዓመታት ከረሙ። በኋላ የቢሮ ዕቃ መግዣ የሚባለው በጀት ሲጠፋ ዲኗ መጋዘኑን አስከፈተችና አስወጣቻቸው። ዛሬ ኮሌጁ ውስጥ ተማሪም አስተማሪም የሚቀመጠው ውሃ ልክ በጣላቸው ልጆች ወንበር ላይ ነው። ያነክሳሉ እንጂ አንዱም ተሰብሮ አያውቅም። ያን ቀን ዲኗ ወንበሮቹን እየገለበጠች ቁጥር አነበበች፣ የወንድሟን ስታገኝ ምንም ሳትናገር ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ቢሮዋ ወሰደችው።

ወንድሟ የወደቀ ጊዜ እሷ እዚሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ወንበሩ እንደሚያነክስ ገብቶት መጣና "እትዬ፣ ጋሼን አናግሪልኝ" አላት፣ ውሃ ልክን ማለቱ ነው። "ወንበሩ ይናገርልህ" አለችው። በማግስቱ ውሃው ፈሰሰ። ትክክል እንደነበረች ያኔም አልተጠራጠረችም፣ አሁንም አትጠራጠርም፤ አስተማሪ ሆና ለወንድሟ ብትለምን በምን ዓይኗ የሌላውን ልጅ ታየው ነበር? እሱም አልተቀየማት፣ ወይም የተቀየመ አይመስልም። ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ቤቷ ያለው አልጋ የእሱ ሥራ ነው፣ ቁም ሳጥኑ የእሱ ነው፣ የልጆቿ የመጽሐፍ መደርደሪያ የእሱ ነው። ወንበር ግን አንድም ቀን ሠርቶላት አያውቅም። የምግብ ጠረጴዛውን ሠርቶ ሲያመጣ ባዶውን አምጥቶ አቆመው፤ ወንበሮቹን ባሏ ከሱቅ ገዛ። ማንም ለምን አላለም። እሁድ እሁድ ሁሉም በተገዛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ያቺ ነገር ትታለፋለች።

ዲኗ እዚያው እንደተቀመጠች ነገሩ ፍንትው አለላት፤ ንዴትም ሳቅም አብረው መጡባት። ያለፉት የት ገቡ? ዲፕሎማቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። የወደቁትስ? ወረቀት ስለሌላቸው ቢሮ አልቀጠራቸውም፣ የቀራቸው እጃቸው ብቻ ሆነ። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ባለው የእንጨት ሰፈር ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቂያ ማሽን የሚያስጮሁት እነሱ ናቸው። ራሳቸውን "ውሃ አፍሳሾች" ብለው እየጠሩ እንደሚቀልዱ ወንድሟ አንድ እሁድ ሲያወራ ሰምታለች፣ አብራም ስቃለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ ነው። ጉምሩክና ባንክ ድረስ ልመና ስትልክ የሚያስፈልጋት ሰው እሁድ እሁድ ጨው አቀብይኝ ይላታል። ጃኬቷን ከተሰቀለበት አነሳች። የኮሌጁ መኪና ነዳጅ ከተቋረጠበት ወዲህ ቆማ የድመት መኝታ ስለሆነች በእግሯ ወጣች።

የእንጨት ሰፈር ገና ከሩቅ ይሸታል፤ ቫርኒሽና ትኩስ ሰጋቱራ። ሶፋዎች በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ የእግረኛ መንገዱን ይዘውታል፣ እግረኛው በአስፋልቱ ይሄዳል። ወንድሟ በሩ ላይ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስለ አልጋ እየተከራከረ ነበር። ሴትዮዋ አሥራ ሁለት ሺህ ይበቃዋል ትላለች፣ እሱ አሥራ ስምንት ይላል፣ እሷ እንዲያው ለዝምድናው ትላለች፣ እሱ ዝምድናችንን ዛሬ ነው የሰማሁት ይላል። እህቱን ሲያይ አሥራ ስድስት ብሎ ጨረሰና እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። በሥራ ቀን እዚህ መጥታ አታውቅም።

"ምን ሆንሽ እትዬ? ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን። ጠዋት ደውለህ ነበር።"

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወረደ። "ማን ነገረሽ?"

"ስልኩ ነዋ። እጀታው ተሰብሯል፤ አንተ ስታወራ ግቢው በሙሉ ይሰማል።"

ሳቅ አመለጠው፣ ቶሎም መለሰው። የተላገ ጣውላ አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ቆየ። "ለአንቺ ብደውል ደግሞ፣ ወንበሩ ይናገርልህ ትይኝ ነበር" አለ፣ ጣውላውን እያየ።

ከዚያች ምሽት ወዲህ ያን ቃል ከሁለቱ አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም። የጎረቤት ማሽን ይጮሃል፣ አንድ ሠራተኛ ብርጭቆ ወረቀት ለመውሰድ ገብቶ ሁለቱን አየና ሳይወስድ ወጣ። ዲኗ ዓይኗን አልሰበረችም።

"እላለሁ" አለች። "ዛሬም እላለሁ። ና እና አናግረው።"

"ወንበሩ ይኖራል እንዴ?"

"አለ።"

"የት?"

"መጥተህ ፈልገው። እነዚያንም ውሃ አፍሳሾች ጠርተህ ና፤ መላጊያና መሮ ያልያዘ እንዳይመጣ በልልኝ። ተማሪዎቼን የሚያለማምድልኝ ሰው ካላገኘሁ ክፍሉ ዛሬ ይዘጋል።" ከዚያ ነገሩን ሁሉ ዘርግታ ነገረችው፤ ጣውላውን፣ ቢሮውን፣ ባንኩንና ጉምሩኩን። እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። ጠዋት ለምን እንደደወለ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልነገራትም። ልትሄድ ስትል "እኔ ሰው ነው የቸገረኝ" አለ። "መጋዝ በትክክል የሚይዝ ልጅ ጠፍቶ ሁላችንም ያለ ሠራተኛ ነው ያለነው።" ዲኗ ይህን ስትሰማ ለመሳቅ እንኳ ጊዜ አልነበራትም።

በስምንት ሰዓት አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ምሩቃኑ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሱፍ የለበሱ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣ ተራ በተራ እየተነሱ የልጅነት ትዝታ ያወራሉ። የባንኩ ሰው ከልቡ አለቀሰ፤ ውሃ ልክ "ውሰድ" ያለው ቀን በሕይወቱ የተደሰተበት ቀን እንደሆነ ተናገረ። ውሃ ልክ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማው፣ "ወንበሩ የት አለ?" ሲል ጠየቀው። ሰውዬው ቤት ሲቀይር የት እንደጣለው እንደማያስታውስ ሲናገር ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። የቢሮው ሰው ቀጭን ፋይል ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ የሚዘጋ ነገር ያለበት፣ ቶሎ ዘግቶ ወደ ሌላው መሄድ የሚፈልግ ሰው ነው። "እንግዲህ ወይዘሮ ዲን፣ የልምምድ ቦታውን ጉዳይ..." ብሎ ሲጀምር የአዳራሹ በር ተከፈተ።

ፀጉራቸው ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ የመሣሪያ ከረጢታቸውን እንደያዙ በአንድ ጭነት መኪና ተጭነው ነው የመጡት። ወንድሟ ከፊት ነው። ሰላም ካሉ በኋላ መቀመጥ ሲገባቸው ማንም አልተቀመጠም፤ ባዶ ወንበሮችን መገልበጥ ጀመሩ። "አቤት፣ ይሄ የማነው" ይላል አንዱ፣ "ያንተ ነው፣ እኔ ያኔም ነግሬህ ነበር" ይላል ሌላው፣ ትልልቅ ሰዎች ወንበር ሥር ተጎንብሰው ቁጥር ያነባሉ። በውፍረቱ ምክንያት ሶፋ የሚሉት አንዱ ባዶዎቹን ሁሉ አይቶ ጨረሰና የቢሮው ሰው ፊት ቆመ።

"ይቅርታ ጌታዬ" አለ በትሕትና። "የተቀመጡት የኔ ላይ ሳይሆን አይቀርም።"

የቢሮው ሰው ተነሳ። ሶፋ ወንበሩን ገልብጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ለቢሮው ሰው ወንበር የሰጠው የለም፣ እሱም ከነፋይሉ ቆሞ ቀረ። ዲኗ መድረኩ ላይ ወጥታ ንግግር አላሳመረችም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ልጅ ትወስዳለህ ስትል ጠየቀች፣ አንዱ ሁለት አለ፣ አንዱ ሦስት አለ፣ ሶፋ ጠንካራ ከሆኑ አራትም አለ፤ ጸሐፊዋ መጻፉን መከተል አቃታት። ተማሪዎቹ አለቁ፣ ተለማማጅ ያልደረሳቸው ሁለት ሰዎች አኩርፈው ቀሩ።

"ጥሩ ነው" አለ የቢሮው ሰው፣ እስክሪብቶውን ሳያወጣ። "ግን እነዚህ ምሩቃን ናቸው?"

ጸሐፊዋ አቀረቀረች፤ ጠዋት ለአንዱ ደዋይ ምን እንዳለች ትዝ ሳይላት አልቀረም።  ወንድሟ ወደ በሩ ማየት ሲጀምር ዲኗ አየችው።

"እስከ ማታ ይቆዩልኝ" አለች ለቢሮው ሰው። "በተግባር ፈተና የወደቀ ተማሪ ዳግም የመፈተን መብት አለው፤ የኮሌጁ መተዳደሪያ እንዲህ ይላል፣ በስንት ጊዜ ውስጥ የሚል ነገር ግን የለውም፤ እርስዎም ያውቁታል፣ ያጸደቀው ቢሮው ነው። ፈታኙ እዚህ አሉ። ወንበሮቹ እዚህ አሉ። ያለፈ ይመረቃል፣ የወደቀ አይመረቅም። ጋሼ፣ ይስማማሉ?"

ውሃ ልክ ከተቀመጠበት ተነሳ። ቁመቱ አጥሯል፣ እጁም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል። "በዝምድና የሚያልፍ የለም" አለ።

"በዝምድና ያለፈ መቼ ነበረ?" አለች ዲኗ።

የእንጨት ሥራ ክፍሉ አዳራሽ ለስንት ወር ጸጥ ብሎ ከርሞ ያን ቀን ነቃ። እንጨት ማጥበቂያ ሞርሳዎቹ ተያዙ፣ መላጊያው ፉጨቱን ጀመረ፣ የዘንድሮ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። የባንኩ ሰው ሱፉን አውልቆ ለአንዱ ጣውላ ይይዝለታል። የወንድሟ ወንበር ግን አልተገኘም። አዳራሹን፣ ክፍሎቹን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ገለባብጦ ባዶ እጁን ሲመለስ ዲኗ "ና" ብላ ወደ ቢሮዋ ወሰደችው። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ያለውን ወንበር አሳየችው። ገለበጠው። ቁጥሩን በጣቱ ነካው፣ ከዚያ የተጣጠፈውን ካርቶን አንስቶ አየው፤ የጫማ ካርቶን ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትቀመጪበት?"

"ከመጋዘን ከወጣ ጀምሮ።"

"ያነክሳል እኮ።"

"ያነክሳል።"

አንስቶ ወደ እንጨት ሥራ ክፍሉ ይዞት ሄደ። ወንበሩን ሞርሳው አጠገብ አስቀምጦ ትንሽ ዞረው። ያኔ እግሩ ያጠረ መስሎት ሌሊቱን ሦስቱን ሲያሳጥር ነበር ያደረው፤ ባሳጠረ ቁጥር እየባሰበት። አሁን ግን ገና እንዳየው ገባው፤ እግሩ ምንም አልነበረበትም፣ የጀርባው መጋጠሚያ ነው ጠምዞ የያዘው። መጋጠሚያውን በእንጨት መዶሻ መትቶ አላቀቀው፣ በመሮ ጥቂት ፋቀለት፣ ሽብልቅ ቀርጾ አስገባበት፣ እግሮቹንም አስተካከለ። እጁ ሲሠራ ዲኗ ቆማ ታያለች። እንዲህ ሲሠራ ቆማ አይታው አታውቅም ነበር። 

ፈተናው ተጀመረ። የውሃ ልክ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆውን ጸሐፊዋ ታስቀምጣለች፣ እሱ በጣቱ ብቻ ይጫናል። "ውሰድ።" ቀጣዩ፣ "ውሰድ።" ሚስትና ልጆች ያሉት ሰውዬ "ውሰድ" ሲባል ወንበሩን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ማንም አልሳቀበትም። የሶፋ ተራ ደርሶ የውሃ ልክ ጣት ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ሲያርፍ ውሃው ተንጠባጠበ። ሽማግሌው አየው። "ያኔም ቸኩለሃል፣ ዛሬም ቸኩለሃል። ተወው።" ሶፋ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳና "ጋሼ፣ ለከርሞ ያድርሰን" አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ የቢሮው ሰው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ፈተናው እውነተኛ ፈተና እንደሆነ የተጠራጠረ አልነበረም።

መጨረሻ የቀረው የወንድሟ ነው። ውሃ ልክ ወንበሩን አየ፣ ወንድሟን አየ፣ ዲኗን አየ። "ለዚህኛው ውሃውን አንቺ ሙዪ" አላት። ለምን እንዳላት ሦስቱም አውቀውታል። ዲኗ ብርጭቆውን መቀመጫው መሀል አድርጋ ከጆጉ ትቀዳ ጀመር። ጠርዙ ላይ ሲደርስ አላቆመችም፤ ውሃው ከብርጭቆው አፍ በላይ እስኪያብጥ፣ አንድ ጠብታ ቢጨመር እስኪፈስ ድረስ ሞላችው።

"አትራሪልኝማ" አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ።

"አልራራም" አለች።

ሽማግሌው አንደኛውን ማዕዘን ተጫነ። ሁለተኛውን ተጫነ። ሦስተኛው ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆየ፣ ያኔ የፈሰሰው እዚያ ጋ ነበር። ውሃው ተንቀጠቀጠ፣ ዳር ዳሩን አለ፣ ተመልሶ ረጋ። አራተኛውን ተጫነና እጁን አነሳ። የወንድሟ ዓይን ውሃው ላይ ነበር፣ የዲኗ ዓይን ወንድሟ ላይ።

"ውሰድ" አለ ውሃ ልክ።

የቢሮው ሰው እዚያው የመላጊያ ጠረጴዛው ላይ ፈረመ። ሶፋ ብቻ ስላላለፈ የእሱ አራት ልጆች ተለማማጅ ላልደረሳቸው ለሁለቱ ኩርፈኞች ተከፋፈሉ። የሶፋ ወንበር ወደ ዲኗ ቢሮ ተላከ፤ ለከርሞ እስኪያስተካክለው ትቀመጥበታለች፣ ካርቶን አላት።

ሰዎቹ ወንበራቸውን ተሸክመው በዋናው በር ወጡ። ጥበቃው ለእነሱ ምንም አላለም፤ ከርቀት የውሃ ልክን "ውሰድ" ሲሰማ ውሏል፣ ልማዱንም ያውቀዋል። የወንድሟን ወንበር ሲያይ ግን እጁን ዘረጋ። ይሄኛውን ጠዋት ጠዋት ዲኗ ቢሮ ሲገባ ያየዋል፣ የእሷ መቀመጫ ነው።

"ይሄ የዲን ቢሮ ዕቃ ነው። መውጫ ወረቀት ያስፈልገዋል።"

ከኋላ የመጣችው ዲኗ አልተቆጣችም፤ እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው በመቅጠሯ ራሷን አመሰገነች። የመውጫ ወረቀቱን ጥራዝ ተቀብላ አጥሩ ላይ አስደግፋ ቆማ መሙላት ጀመረች። የንብረቱ ዓይነት፣ ወንበር። የሚወጣበት ምክንያት፣ ባለቤቱ ፈተናውን ስላለፈ። የሚሄድበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ሱቅ ነው የምትወስደው?"

"አንቺ ቤት" አለ ወንድሟ።

ጥበቃው ደነገጠ። "እርስዎ ቤት? የቢሮ ወንበር ወደ ዲኗ ቤት? እመቤቴ፣ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው።" ከበስተኋላ ምርኩዙን ይዞ ሲወጣ የነበረው ውሃ ልክ ሳይቆም "የልጁ ነው፣ ውሰድ ብዬዋለሁ" ብሎ አለፈ፤ ጥበቃው የበሩን አንድ ክንፍ ከፈተ። ዲኗ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ነበር።

"እኔ ቤት እኮ ወንበር ሞልቷል" አለችው።

ወንድሟ ወንበሩን ትከሻው ላይ አወጣ። "እሱ የተገዛ ነው" አለና በዋናው በር ወጣ።

ዲኗ የቤት ቁጥሯን ጻፈች።